አንቷን ዳባዲ፤ የአገራችንን ተራራና አየር በቍጥር የጻፈ ሰው

በእኛ አገር ስለ አየር ጠባይ የሚደረግ ጨዋታ ብዙ ጊዜ በክርክር ያልቃል። አንዱ ሽማግሌ የዘንድሮው ፀሐይ ከአምናው ይብሳል ይላል፤ ሌላው ደግሞ የለም፣ የባሰው የካቻምናው ነበር ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም እውነተኞች ሰዎች ናቸው፤ ነገር ግን አይታረቁም። አምናና ካቻምና በኒሯቅ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ሙቀቱ ስንት እንደ ነበረ የሚናገር መዝገብ በእጃቸው ከሌለ ዳኛ ሊሆናቸው የሚችል ነገር የለምና። ትዝታ የሚያቈየው የተሰማንን እንጂ የሆነውን አይደለም።

በዘንድሮው መጽሔታችን የምናቀርበው የሕይወት ታሪክ ትዝታን አላምን ብሎ ዕድሜውን በመለካትና በመጻፍ የፈጸመ ሰው ታሪክ ነው። ይህ ሰው በዘመነ መሳፍንት ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ብዙ ዓመታት ተቀመጠ፤ የተራሮቻችንን ከፍታ፣ የአየራችንን ሙቀትና የሰማያችንን ጥራት በሰዓቱና በቦታው ጻፈ። ስሙም አንቷን ዳባዲ ይባላል። በዛሬው ዘመን ቤት ከመሠራቱ በፊት ፀሐይና ነፋስ በቤቱ ላይ የሚያደርሱትን ነገር በሒሳብ የሚመረምሩ መሐንዲሶች የሚመኩት እንዲህ ባለ መዝገብ ነውና፣ የዚህን ሰው ታሪክ ማወቅ ለእኛ ለተማሪዎች ይጠቅመናል።

አንቷን ዳባዲ የተወለደው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ጃንዋሪ 3 ቀን 1810 ዓ.ም. በአየርላንድ፣ በደብሊን ከተማ ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸውም ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን። አባቱ በፈረንሳይ ደቡብ ምዕራብ ከሚኖሩት ከባስክ ሕዝብ ወገን ነበር፤ እናቱ ግን አየርላንዳዊት ነበረች። አንቷን ገና ልጅ ሳለ ቤተ ሰቡ ወደ ፈረንሳይ ተሻገረ፤ እርሱና ታናሽ ወንድሙ አርኖም በዚያው አደጉ፣ ተማሩም።

በ1836 ዓ.ም. አንቷን የ26 ዓመት ጐልማሳ ሳለ የፈረንሳይ የሳይንስ ሊቃውንት ወደ ብራዚል ላኩት። ሥራውም የመግነጢስ መርፌ በቀንና በሌሊት ውስጥ ምን ያህል ወዲያና ወዲህ እንደምትል መመልከት ነበር። ይህ ሥራ ለሚያየው ሰው አሰልቺ ይመስላል። መርፌዋ የምትንቀሳቀሰው በጣም ጥቂት ነው፤ ተመልካቹ ደግሞ ሰዓቱን ጠብቆ ማየትና መጻፍ አለበት፤ አንድ ጊዜ እንቅልፍ ቢያሸንፈው ያ ሰዓት ተመልሶ አይመጣም። ወጣቱ ዳባዲ ትዕግሥትን የተማረው በእንዲህ ያለው ሥራ ነው ብንል አንሳሳትም።

ከዚህ በኋላ በ1838 ዓ.ም. ሁለቱ ወንድማማቾች በምጽዋ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ገቡ፤ እስከ ጎንደርም ዘለቁ። ዳባዲ አገሩን ባየ ጊዜ ይዞት የመጣው መሣሪያ ለዚህ ሥራ እንደማይበቃ ተረዳ። ብዙ መንገደኞች እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥማቸው ያዩትን በግምት ጽፈው ወደ አገራቸው ይመለሱ ነበር። እርሱ ግን ያንን ሁሉ ባሕርና በረሓ መልሶ ተሻግሮ ወደ አውሮፓ ሄደ፤ የተሻለ መሣሪያ ይዞም በ1840 ዓ.ም. ምጽዋ ደረሰ። በሰው ሕይወት ውስጥ ትልቁ ነገር አንዳንድ ጊዜ እንዲህ ያለው ውሳኔ ነው፤ በመጥፎ መለኪያ ከመሥራት ሁለት ዓመት ማጣትን መረጠ።

ያ ዘመን ለመንገደኛ የተመቸ አልነበረም። በትግሬና በስሜን ደጃዝማች ውቤ፣ በጎንደር በኩል ራስ ዓሊ፣ በጎጃም ደጃዝማች ጎሹ ይገዙ ነበር፤ ከአንዱ ግዛት ወደ ሌላው ለመሻገር ፈቃድ መለመንና በየኬላው መቈየት ግድ ነበር። ወንድሙ አርኖ ከደጃዝማች ጎሹ ጋር ወዳጅ ሆኖ በጎጃም ቤተ መንግሥት ተቀመጠ። አንቷን ግን አማርኛና ግዕዝ እየተማረ ከተራራ ወደ ተራራ ይዞር ነበር። በ1843 ዓ.ም. ዓባይን ተሻግሮ እስከ እናርያ ወረደ፤ ከዚያም ከፋ ደረሰ።

አሁን እንዴት ይለካ እንደ ነበረ እንናገር። በሥርዐት የሚሠራ የአገር ካርታ ብዙ ሠራተኛና ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ምልክት የሚሆን ግንብ በየኰረብታው ይሠራል፣ መሬቱም በሰንሰለት ይለካል። ዳባዲ ይህን ሁሉ አላገኘም። ስለዚህ እግዚአብሔር ያቆማቸውን ተራሮች እንደ ግንብ ቈጠራቸው። ከአንዱ ኰረብታ ላይ ሆኖ የማዕዘን መለኪያ መነጽሩን እያዞረ ወደሚታዩት ጫፎች ሁሉ ያነጣጥራል፤ የእያንዳንዱን ጫፍ ስም ከአገሬው ሰው ይጠይቃል፤ ማዕዘኑንና ስሙን ጐን ለጐን ይጽፋል። ከዚያ ወደ ሌላው ኰረብታ ሄዶ እነዚያኑ ጫፎች ከሌላ ወገን ያያቸዋል። ሁለቱ መስመሮች በሚገናኙበት ላይ የተራራው ቦታ ይገኛል። በዚህ ዓይነት ከ800 በላይ የሚሆኑ የአገራችንን ቦታዎች በካርታ ላይ አቆማቸው።

ከፍታንም የሚለካበት ሌላ ብልሃት ነበረው፤ ይኸውም ውሃ ማፍላት ነው። ውሃ በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ ይፈላል። ወደ ላይ በወጣን ቍጥር ግን የአየሩ ክብደት እየቀለለ ስለሚሄድ ውሃው ቶሎ ይፈላል፤ በ2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ወደ 93 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ መፍላት ይጀምራል። ደጋ ላይ ባቄላ ለመቀቀል ብዙ ማገዶ እንደሚፈጅ የሚያውቁ እናቶቻችን ይህን ሕግ ሳይጽፉት ያውቁታል። ዳባዲ ጥሩ ቴርሞሜትር በሚፈላ ውሃ እንፋሎት ውስጥ እያስገባ ዲግሪውን ያነብባል፤ ከዲግሪውም የቦታውን ከፍታ በሒሳብ ያወጣል። ሙቀቱን፣ የአየሩን እርጥበት፣ ነጐድጓዱንም ይመዘግብ ነበር።

ነገር ግን በሥራው ላይ አንድ ጠላት ነበረበት፤ እርሱም ቆባር ነው። ውድ አንባቢ ሆይ፣ በበጋ ወራት ዝናብ ከመምጣቱ በፊት፣ ደመና ሳይኖር፣ ጭጋግም ሳይሆን፣ አየሩ ደብዝዞ ሩቅ ያለው ተራራ ሲሰወር አይተህ ይሆናል። ቆባር የሚባለው ይህ ደረቅ ብናኝ ነው። በዓይኑ እያነጣጠረ ለሚለካ ሰው ቆባር ማለት እንደ ተዘጋ በር ነው። ዳባዲም ተራራው እስኪገለጥ ድረስ መጠበቅ ነበረበት። ይሁን እንጂ ሥራዬን አበላሸብኝ ብሎ አላለፈውም፤ ይህንም ራሱን ነገር ተመለከተው፤ በአገሩ ስም ቆባር ብሎ ጻፈው፤ ቃሉም በአውሮፓ የአየር ጠባይ ሊቃውንት መዝገብ ውስጥ ገባ። እንቅፋት የሆነበትን ነገር ዕውቀት አደረገው ማለት ነው።

እዚህ ላይ ከታሪኩ ትንሽ ወጣ ብለን አንድ ነገር እንጨምር። ዳባዲ ኢትዮጵያ በገባበት በዚያው በ1838 ዓ.ም. ክሎድ ፑዬ የሚባል ሌላ ፈረንሳዊ የፀሐይን ሙቀት ስለ መለካት የሠራውን ሥራ አሳተመ። ፑዬ ፊቱ በጥላሸት የጠቈረ ውሃ ያለበት ዕቃ ወደ ፀሐይ እያዞረ፣ ውሃው በምን ያህል ፍጥነት እንደሚሞቅ በቴርሞሜትር ያይ ነበር። ከዚህም ተነሥቶ አየር ባያግደው ኖሮ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚያርፈው የፀሐይ ኃይል፣ በዛሬው መለኪያ ሲነገር፣ 1,228 ዋት ያህል ነው አለ። የዛሬ ሊቃውንት 1,361 ዋት ያህል መሆኑን ያውቃሉ፤ በጥላሸትና በውሃ ለተሠራ ሥራ ግን ስሕተቱ ትንሽ ነው።

ይህ ኃይል አየሩን አልፎ እስኪመጣ ድረስ ከፊሉ በእርጥበት፣ በደመናና በብናኝ ይቀነሳል። ሰማዩ በጠራ ቀን ቀትር ላይ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1,000 ዋት ያህል ይደርሳል። ይህም ማለት ፀሐይ በቀጥታ በምታርፍበት በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ አንድ ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ እንደ ተጣደ ያህል ነው። ቆባር በመጣ ጊዜ ደግሞ ብርሃኑ በቀጥታ መምጣቱን ትቶ ከሰማዩ ሁሉ ተበትኖ ይመጣል፤ ጥላውም ይደበዝዛል። እንግዲህ ተራራውን ከዳባዲ ዓይን የጋረደው ብናኝና በቤታችን ጣሪያ ላይ የሚያርፈውን ሙቀት የሚለውጠው ብናኝ አንድ ነው።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። በ1846 ዓ.ም. ሁለቱ ወንድማማቾች አንድ ላይ ሆነው ወደ ግቤ ምንጭ ደረሱ። ዳባዲም ይህ የነጭ ዓባይ ምንጭ ነው ብሎ አመነ፤ ለአውሮፓም ይህንኑ አስታወቀ። በ1848 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ወጥቶ ወደ አገሩ ሲመለስ ደስታ ጠበቀው፤ በ1850 ዓ.ም. የፓሪስ የጂኦግራፊ ማኅበር ለሁለቱም ወንድማማቾች የወርቅ ሜዳይ ሰጣቸው።

ደስታው ግን ብዙ አልቈየም። እርሱም እንደ ዳባዲ በኢትዮጵያ ተዘዋውሮ የነበረ ቻርልስ ቢክ የሚባል እንግሊዛዊ ተነሣና ዳባዲ ከፋ ደርሻለሁ ማለቱ ውሸት ነው ብሎ በመጽሐፍ ከሰሰው። ከዚያም አልፎ ራሱ ከዚያው ማኅበር ተሸልሞት የነበረውን ሜዳይ እስከ መመለስ ደረሰ። አንድ ሰው ዐሥር ዓመት ደክሞ ውሸታም ሲባል ምን እንደሚሰማው መገመት አያዳግትም። በዚያን ጊዜ ከከፋ ሄዶ ምስክር የሚያመጣለት ሰው አልነበረም።

ዳባዲ ምስክር አድርጎ ያቀረበው ደብተሩን ነው። ከ1860 እስከ 1873 ዓ.ም. የኢትዮጵያን መሬት የለካበትን ሥራ፣ ሮዶልፍ ራዶ ከሚባል የሒሳብ ዐዋቂ ጋር ሆኖ፣ ከነማዕዘኑና ከነሒሳቡ አሳተመ። በ1873 ዓ.ም. ደግሞ በብራዚልና በኢትዮጵያ የተመለከታቸውን የሙቀት፣ የአየርና የመግነጢስ ቍጥሮች ለብቻቸው አወጣ። በዚህ ዓይነት የተጻፈ ሥራ ለመመርመር የተከፈተ ነው፤ የፈለገ ሁሉ ሒሳቡን መልሶ ሊሠራው ይችላል። ከእርሱ በኋላ የመጡ ተጓዦችም አገሩን ባዩ ጊዜ የጻፈው ነገር የታመነ ሆኖ አገኙት።

ስለ ነጭ ዓባይ የተናገረው ግን ስሕተት ነበር። ግቤ ወደ ኦሞ ይገባል፤ ኦሞም ወደ ዓባይ አይሄድም። በ1896 ዓ.ም. ጣሊያናዊው ቪቶሪዮ ቦቴጎ ኦሞን ተከትሎ ወርዶ ወንዙ ዛሬ ቱርካና ወደሚባለው ሐይቅ እንደሚገባ አሳየ። የዚህ ሰው ታሪክ ትልቁ ትምህርት እዚህ ላይ ነው። ዳባዲ በአሳቡ ተሳስቶ ነበር፤ መለኪያው ግን አልወደቀም። ከቍጥር ተነሥቶ የሚሰጥ አሳብ ሊፈርስ ይችላል፤ በጥንቃቄ የተጻፈው ቍጥር ግን አሳቡ ከፈረሰ በኋላም ለሚቀጥለው ሰው ይጠቅማል።

ዳባዲ ከኢትዮጵያ ከወጣ በኋላ ፍቅሯ ከልቡ አልወጣም። በ1881 ዓ.ም. የአማርኛና የፈረንሳይኛ መዝገበ ቃላት አሳተመ። ከአገራችን ሰብስቦ የወሰዳቸው የብራና መጻሕፍት በ1859 ዓ.ም. ባወጣው ዝርዝር ላይ 234 ናቸው፤ ዛሬ የሚገኙት በፓሪስ በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ነው። ሊቃውንት ይጠቀሙባቸዋል፤ የእኛ ልጅ ሊያነባቸው ሲፈልግ ግን መንገዱ ሩቅ መሆኑን ሳንናገር አናልፍም።

በባስክ አገር በሄንዳይ አጠገብ፣ ባሕር በሚታይበት ኰረብታ ላይ፣ እንደ ግንብ ያለ ትልቅ ቤት አሠራ። ንድፉን ያወጣው ዝነኛው አርክቴክት ቪዮሌ ለ ዱክ ሲሆን ሥራውን የመራው ኤድሞን ዱቷ ነበር። በግድግዳዎቹ ላይ የኢትዮጵያ ኑሮ ተሥሏል፤ የአማርኛ ጽሑፍም ይገኝበታል። ዳባዲ ይህን ቤት መኖሪያ ብቻ አላደረገውም፤ መለኪያም አደረገው። ብርሃን በአየር ውስጥ ሲያልፍ እንዴት እንደሚታጠፍ ለማወቅ ብሎ የቤቱን ግድግዳዎች አስበስቶ በቀዳዳው ሩቅ ያለውን ተራራ ለማየት ሞከረ። ሙከራው አልተሳካም፤ ምንም አልታየውም። እርሱ ግን ቀዳዳውን በድብቅ አላስደፈነም፤ እንዳላየና እንዳልተማረ የሚናገር ጽሑፍ በባስክ ቋንቋ በላዩ አኖረበት። ያልተሳካለትን ነገር በገዛ ቤቱ ግድግዳ ላይ የሚጽፍ ሰው የተሳካለትን ሲናገር ይታመናል።

በ1892 ዓ.ም. የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ ፕሬዚዳንት ሆነ። ቤቱንም ለዚሁ አካዳሚ አወረሰ፤ ውርሱም በዚያ 500,000 ከዋክብት ተቈጥረው እንዲመዘገቡ የሚያዝዝ ነበር። ማርች 19 ቀን 1897 ዓ.ም. በ87 ዓመቱ በፓሪስ ዐረፈ፤ የተቀበረውም በዚያው በሄንዳይ ቤቱ ጸሎት ቤት ሥር ነው።

አሁን ይህ ታሪክ ለኒሯቅና ለዋግ ምን ይጠቅማል የሚል ቢኖር እንዲህ እንመልሳለን። ዛሬ ትምህርት ቤት ወይም ሐኪም ቤት ሊሠራ ሲታሰብ፣ መሐንዲሱ ገና ድንጋይ ሳይጣል ቤቱን በኮምፒዩተር ውስጥ ሊያቆመውና ዓመቱን ሙሉ ሊያስከርመው ይችላል። በዓመት ውስጥ 8,760 ሰዓታት አሉ። ለእያንዳንዱ ሰዓት ሙቀቱን፣ እርጥበቱን፣ ነፋሱን፣ በቀጥታ የሚመጣውንና ተበትኖ የሚመጣውን የፀሐይ ጨረር ለኮምፒዩተሩ ይሰጠዋል፤ ኮምፒዩተሩም ክፍሉ መቼ እንደሚሞቅና መቼ እንደሚቀዘቅዝ ይነግረዋል። አንድ ዓመት ብቻውን እንግዳ ዓመት ሊሆን ስለሚችል፣ የብዙ ዓመታት መዝገብ ተመርምሮ ለየወሩ የተለመደውን ጠባይ የሚያሳየው ይመረጣል፤ ከእነዚህም 12 ወራት አንድ አማካይ ዓመት ይገጣጠማል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ላይ በተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም መሪነት የፀሐይና የነፋስ ኃይል በ13 አገሮች ሲጠና ኢትዮጵያ አንዷ ነበረች፤ ለአዲስ አበባም እንዲህ ያለ የአየር ጠባይ መዝገብ ተዘጋጅቷል።

ነገር ግን የአዲስ አበባ ዓመት የኒሯቅ ዓመት አይደለም። ሰቆጣ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው፤ ኒሯቅ ደግሞ ከሰቆጣ ዝቅ ያለ ቆላ ነው፤ በ1,000 ሜትር መውረድ ሙቀቱን 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይጨምራል። ለደጋ ታስቦ የተሠራ ቤት ቆላ ሲወርድ ምድጃ ይሆናል። ፀሐይም በእኛ አገር የራሷ መንገድ አላት። እኛ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 13 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምንገኝ፣ በሰኔ አጋማሽ ቀትር ላይ ፀሐይ ከአናታችን 10 ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን ታዘነብላለች፤ በታኅሣሥ አጋማሽ ደግሞ 36 ዲግሪ ያህል ወደ ደቡብ። በእነዚህ ሰዓታት የጣሪያው ክፈፍ ግድግዳውን ሊጋርደው ይችላል። ጠዋትና ማታ ግን ፀሐይ ዝቅ ብላ ስለምትመጣ የምሥራቁንና የምዕራቡን መስኮት የሚጋርድ ክፈፍ የለም። ስለዚህ ረጅሙ የክፍል ግድግዳ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ቢዞር ሙቀቱ ይቀንሳል። አባቶቻችን በወፍራም የድንጋይ ግድግዳና በአፈር ጣሪያ የሠሩት ህድሞ የቀኑን ሙቀት ቶሎ አያስገባም፤ የሌሊቱንም ብርድ ያዘገየዋል። ቆርቆሮ ግን ቀን ከፀሐይ ጋር ይግላል፤ ሌሊት ከሰማይ ጋር ይቀዘቅዛል። ከቀትር በኋላ በቆርቆሮ ሥር ተቀምጦ ሒሳብ የተማረ ሁሉ ይህን በአካሉ ያውቀዋል። በአካል ማወቅ ግን መሐንዲሱን አይረዳውም፤ እርሱ የሚፈልገው ቍጥር ነው።

እንግዲህ እኛ ተማሪዎች ምን እናድርግ? ውድ መሣሪያ እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልገንም። አንድ ቴርሞሜትር ነጭ ቀለም በተቀባና አየር በሚያስገባ ሣጥን ውስጥ፣ ከመሬት አንድ ሜትር ተኩል ያህል ከፍ አድርገን በጥላ እናኑር። በየቀኑ በተወሰነ ሰዓት እናንብበው። ሰማዩ ከስምንት እጅ ስንቱ እጅ በደመና እንደ ተሸፈነ እንጻፍ። ቆባር የወረደበትን ቀንና ከሚታዩት ተራሮች የትኛው እንደ ተሰወረ እንመዝግብ። ወላጆቻችንና መምህሮቻችንም ደብተሩ ከአንዱ ክፍል ተማሪዎች ወደሚቀጥሉት እንዲተላለፍ ይጠብቁልን።

አንድ ነገር ብቻ አደራ። በዓል ሆኖ ወይም ዘንግተን ያላነበብነው ቀን ቢኖር ቦታውን ባዶ እንተወው እንጂ ከትናንቱ አስመስለን ቍጥር አንሙላበት። ባዶ ቦታ እውነት ነው፤ የተፈጠረ ቍጥር ግን አጠገቡ ያሉትን እውነተኛ ቍጥሮች ሁሉ ያስጠረጥራል። ዳባዲ ውሸታም በተባለ ጊዜ ያዳነው በደብተሩ ውስጥ የተፈጠረ ነገር አለመኖሩ ነው።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል እንደሚባለው፣ ዛሬ የምንጽፈው ጥቂት ቍጥር ከዐሥር ዓመት በኋላ በዚህ አገር ለሚሠራው ቤት መሠረት ይሆናል። ያን ጊዜ ሽማግሌዎቻችን ስለ ፀሐይ ሲከራከሩ ልጆቻቸው ደብተሩን ገልጠው ያስታርቋቸዋል።